የእንጨት ዕቃዎቻችን እንዴት እንደ ተሠሩ ለይቶ ስለ ማወቅ
በፍኖተ ሰላም ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ቅርስ ጥበቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ብራናውን፣ መስቀሉንና ሥዕሉን ነው። እነዚህን ከሌባ መጠበቅ ተምረናል። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን በየደጀ ሰላሙና በየዕቃ ቤቱ ማንም ሳያስተውለው ስለሚኖረው ወፍራም የዋንዛ ገበታ፣ ስለ አግዳሚው፣ ስለ በርጩማውና ስለ አሮጌው የበር መዝጊያ ነው። ርእሱን የመረጥነው የእንጨት ሥራ ሊቃውንት ስለ ሆንን አይደለም። በእኛው ስሕተት አንድ አጥቢያ ሊከፋፈል ደርሶ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ስሕተታችንን በመናገር እንጀምራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የደጀ ሰላም እድሳት እናግዝ ነበር። በደጀ ሰላሙ ውስጥ ርዝመቱ ሰባት ክንድ ያህል፣ ውፍረቱ አራት ጣት የሚሆን፣ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የወጣ ገበታ ነበር። እግሮቹ ምስማር አልነካቸውም፤ በተቦረቦረ ቀዳዳ ገብተው በሽብልቅ የጠበቁ ናቸው። ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ የሚቀምሱት በዚሁ ገበታ ዙሪያ ነበር። ፊቱ በጢስና በቅባት ጠቁሮ፣ በጠራቢው መሣሪያ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሎ ስላየነው፣ «ቤቱ ታድሶ ገበታው እንዲህ ሊቀር አይገባም» አልንና ወደ ከተማ አናጢ ቤት ላክነው። አናጢው ፊቱንና ጠርዙን በኤሌክትሪክ መላጊያ ላገው፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ቫርኒሽም ቀባው። ሲመለስ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። እኛም ደስ ብሎን በሪፖርታችን «አንድ ገበታ ታድሷል» ብለን ጻፍን።

ደስታችን የቆየው እስከ ንግሥ በዓሉ ብቻ ነው። ካህናቱ በገበታው ዙሪያ በተቀመጡ ጊዜ አንድ አረጋዊ ቄስ ፊቱን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው «ይህ የእኛ ገበታ አይደለም» አሉ። የእነርሱ ጥቁር ነበር፤ ይህ ቀይ ነው። የእነርሱ ጎድጓዳ ነበር፤ ይህ ለጥ ያለ ነው። ነገሩ ከደጀ ሰላም ወጥቶ ገበያ ገባ። በዚያው ሰሞን አሮጌ ዕቃ የሚገዙ ነጋዴዎች በአካባቢው ይዘዋወሩ ስለ ነበር፣ «ሰበካ ጉባኤው አሮጌውን ሸጦ በምትኩ አዲስ አስገባ» ተባለ። ምክትል ሊቀ መንበሩ ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ስማቸው በሌብነት ሲነሣ ወደ ስብሰባ መምጣት አቆሙ። እኛ «ያው የራሳችሁ ገበታ ነው» ብንልም ማስረጃ አልነበረንም። ከመላኩ በፊት ፎቶግራፍ አላነሣንም። በንብረት መዝገቡ ላይ የሰፈረውም «ገበታ፣ 1» የሚል ብቻ ነበር።

ነገሩን የፈቱት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አንድ መሪጌታ ናቸው። «ያንን ገበታ ሲሰነጥቁት ሕፃን ሆኜ አይቻለሁ» አሉን። ከጠላት ወረራ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ግንዱን በከፍታ መደገፊያ ላይ አጋድመው፣ አንዱ ሰው ከላይ ቆሞ ሌላው ከታች ሆኖ ትልቅ መጋዝ ይስቡ ነበር። ከአንዱ ጫፍ ጀምረው እስከ መካከል ሰነጠቁ፤ ከዚያም ግንዱን አዙረው ከሌላው ጫፍ ጀመሩ። ሁለቱ ቁርጦች መካከል ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ጣት ያህል ተላለፉ። የላይኛውን ፊት ጠራቢው በመጥረቢያ አስተካከለው። የታችኛውን «ማን ያየዋል» ብሎ እንዳለ ተወው። መሪጌታው ይህን ከነገሩን በኋላ «ገልብጡትና እዩ» አሉ።

ገለበጥነው። በሩን ዘግተን ባትሪ ከጎን በኩል አስጠግተን አበራን። የታችኛው ፊት አልተላገም፤ ጥቁር እንደ ሆነ ቀርቷል። ከአንዱ ጫፍ እስከ መካከል የመጋዙ መስመሮች ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ናቸው፤ ከመካከል ወዲያ ወደ ተቃራኒው ወገን ያዘነብላሉ። በመገናኛቸውም ላይ ጣት የሚያስገባ እርከን አለ። ምክትል ሊቀ መንበሩ ተጠርተው መጡ፤ ያንን እርከን በጣታቸው ነክተው ዝም አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ በቦታቸው ተገኙ።

ወገኖቻችን፤ ያንን አጥቢያ ያስታረቀው አናጢው ሳይደርስበት የቀረው የገበታው ጀርባ ነው። ጀርባውንም አስልገነው ቢሆን ኖሮ የመሪጌታው ቃል ብቻውን ይቀር ነበር። ከዚህ የተማርነው፣ በእንጨት ላይ ያለ የመሣሪያ ፈለግ ያ ዕቃ ማን እንደ ሆነ የሚናገር ምስክር መሆኑን ነው። ምስክርን ሳይሰሙ ማሰናበት ደግሞ ለማንም አይበጅም። ፈለጉን እንዴት እንደምናነብ አሁን በዝርዝር እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ አስተያየት። ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍበት እንጨት ምንም አይናገርም። ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ትጥላለች። የማለዳ ፀሐይ በበር በኩል ስትገባ፣ ወይም የስልክ ባትሪ ከፊቱ ጋር ትይዩ ተደርጎ ሲያዝ በቂ ነው። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚታየው ጀርባው፣ የጠርዙ ውስጥና የእግሩ መግቢያ ነው። ፊትን ሰው ያሳምረዋል፤ ጀርባን ይተወዋል። ከማየታችን በፊት ዕቃውን በውኃ አንጠበው፤ ዘይትም አንቀባው።

አንደኛው ዓይነት ፍልጥ ነው። ግንዱ በሽብልቅና በመዶሻ ተመትቶ ሲከፈል ስንጥቁ የእንጨቱን ጭረት ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ በፊቱ ላይ አግድም የሚያልፍ የመጋዝ መስመር አይገኝም። ፊቱ እንደ እንጨቱ አስተዳደግ ይጣመማል፤ ሳንቃውም ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ይሳሳል። ጥድ ቀጥ ብሎ ስለሚፈለጥ እንዲህ ያለ ሥራ ይቀናዋል።

ሁለተኛው ጥርብ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መሣሪያዎችን መለየት ያስፈልጋል። ምላጩ ከእጀታው ጋር የተስተካከለው ምሳር ሰፋፊና ጠፍጣፋ ገጾችን፣ በመካከላቸውም ወደ ውስጥ የገቡ የምት ጠባሳዎችን ይተዋል። ምላጩ እንደ ዶማ አግድም የዞረው መጥረቢያ ደግሞ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያሉ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ምልክቶችን ይተዋል። በምልክቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትሄድ ቀጭን ጭረት ካለች የጠራቢው ምላጭ ተሸርፎ ነበር ማለት ነው። ያች ጭረት በሌላ ሳንቃ ላይም ከተገኘች ሁለቱ በአንድ መሣሪያ ስለ መጠረባቸው ጠንካራ ምልክት ናት። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን በሮች ብዙዎቹ ከአንድ ሰፊ ሳንቃ የተጠረቡ ናቸው። ማጠፊያ ብረት የላቸውም፤ ከላይና ከታች ከራሱ ከሳንቃው ተጠርበው በወጡ ሁለት ጫፎች ላይ ይዞራሉ። በደብረ ዳሞ ጣሪያ ላይ ያሉት እንስሳት የተቀረጹባቸው እንጨቶች፣ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ግንብ አግዳሚዎችም የሞተር መጋዝ ከመታሰቡ በፊት በሰው እጅ የተሠሩ ናቸው።

ሦስተኛው ሁለት ሰዎች ላይና ታች ሆነው የሚስቡት መጋዝ ነው። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ርቀታቸው ግን አይተካከልም። ሰው ሲበረታ ይሰፋል፤ ሲደክም ይጠባል። ለማረፍ ቆመው እንደገና በጀመሩበት ቦታም የመስመሩ ዝንባሌ ይለወጣል። ከሁለት ጫፍ የተሰነጠቀ ከሆነ በመካከሉ እርከን ወይም የተፈለጠ ቁራጭ ሊገኝ ይችላል። የእኛን ገበታ ያስለየን ይህ ነው።

አራተኛው በሞተር የሚሠራ የመሰንጠቂያ ቤት መጋዝ ነው። ዛሬ የምንናገራቸው «ጣውላ» እና «ሰጋቱራ» የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ቃሉ የመጣው ከሥራው ጋር ነው። የዚህ መጋዝ ምልክት እኩልነቱ ነው፤ ማሽን አይደክምም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ወይም እንደ ቀበቶ የሚዞረው መጋዝ ቀጥ ያሉና ርቀታቸው የተካከለ መስመሮችን ይተዋል። ክብ መጋዝ ደግሞ ቅስት ይተዋል።

ከቅስቱ የመጋዙን ስፋት ማወቅ ይቻላል። በቅስቱ ሁለት ጫፎች መካከል ክር ወጥሩና ርዝመቱን ለኩ። ከክሩ መካከል እስከ ቅስቱ አናት ያለውንም ለኩ። ክሩ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 30ን በራሱ ስናባዛ 900 ይሆናል። ይህን ለከፍታው አራት እጥፍ፣ ማለትም ለ8፣ ስናካፍል 112.5 እናገኛለን። ከፍታውን 2 ስንጨምርበት 114.5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ይህ የትልቅ መሰንጠቂያ ቤት መጋዝ ነው። ክሩ 10፣ ከፍታው 0.8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን በዚያው ስሌት 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ያ በከተማ አናጢ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚዞረው ዓይነት ትንሽ መጋዝ ነው። ዲያቆናቱና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ሒሳብ በደስታ ይሠሩላችኋል።

አምስተኛው ሰንሰለታማው የሞተር መጋዝ ነው። ፈለጉ ሻካራ፣ ሰፊና ያልተስተካከለ ነው፤ ሠራተኛው መሣሪያውን ባወዛወዘ ቁጥር ጥልቅ ቦይ ይተዋል። ያለ መሪ በእጅ ብቻ ሲሰነጠቅ ፊቱ እንደ ማዕበል ይሆናል።

ስድስተኛው የማለስለሻው ምልክት ነው። የማሽን መላጊያ እንደ ረጋ ውኃ ሞገድ ቀጫጭንና እኩል የሆኑ አግድም ምልክቶችን ይተዋል፤ እነዚህ በአሻጋሪ ብርሃን ይታያሉ። የእጅ መላጊያ ከእንጨቱ ርዝመት ጋር የሚሄዱ ረጃጅም ሽርጦችን ይተዋል።

ይህን ሁሉ ስናነብ ከችኮላ እንጠንቀቅ። ፈለጉ የሚነግረን ዕቃው በምን እንደ ተሠራ ነው፤ መቼ እንደ ተሠራ በቀጥታ አይነግረንም። በሁለት ሰው የሚሳብ መጋዝ ከመንደሮቻችን ገና አልጠፋም፤ መጥረቢያም እንዲሁ። ስለዚህ ጥርብ የሆነ ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። በተቃራኒው ግን ፈለጉ «ከዚህ ወዲያ እንጂ ከዚህ ወዲህ አይሆንም» የሚል ወሰን ያቆምልናል። ክብ መጋዝ በአውሮፓ እንኳ የታወቀው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። አንድ ሰው የሚይዘው ሰንሰለታማ መጋዝ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አግዳሚ» ብሎ ቢያመጣላችሁና ከሥሩ የሰንሰለት መጋዝ ቦይ ብታገኙ፣ ፊቱ በመጥረቢያ ቢጎደጎድና በጢስ ቢጠቁርም አትመኑት። የሽብልቁን፣ የምስማሩንና የመቀመጫውን መፋቅ አብራችሁ መርምሩ፤ ሽማግሌዎችንም ጠይቁ። ፈለጉና የሰው ቃል ሲስማሙ ነው ነገር የሚጸናው።

ይህ እውቀት ለአሮጌው ዕቃ ብቻ ሳይሆን በበራችን ለሚገባው አዲስ ሳንቃም ይጠቅማል። ቅርፊት የነበረበት ጠርዙ ያልተቆረጠ ወፍራም ገበታ በከተማ ይወደዳል፤ እንዲህ ያለ ገበታ ደግሞ ከሰፊ ግንድ በቀር አይወጣም። ሰፊ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ዛሬ በብዛት የቀረው የት ነው? በማሳ መካከል በተረፉት ጥቂት ዛፎችና በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን እስከ መከልከል የደረሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም በዐጸዶቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የደከሙት የተረፈው እንዳያልቅ ነው።

ስለዚህ ትኩስ የሰንሰለት መጋዝ ፈለግ ያለበት ሰፊ የዋንዛ ሳንቃ በስጦታም ሆነ በሽያጭ ሲመጣላችሁ «ከየት ተቆረጠ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰንሰለታማው መጋዝ በአንድ ቁርጥ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። 9 ሚሊ ሜትር ብንይዝ፣ ግንዱ ሰባት ጊዜ ሲሰነጠቅ 6.3 ሳንቲ ሜትር ይባክናል፤ ይህ ከአንድ ወፍራም ሳንቃ ይበልጣል። ቁርጡ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ የእጅ መጋዝ ቢሰነጠቅ የሚባክነው 2.1 ሳንቲ ሜትር ነው። ሠራተኛን ያፈጠነ መሣሪያ ዛፍን እንዲህ ያስከፍላል።

አሁን ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ ልታደርጉት የምትችሉትን እንናገር። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ማስመሪያና አንድ ስልክ ይበቃል።

አንደኛ፣ በደጀ ሰላም፣ በቤተ ልሔምና በዕቃ ቤት ያሉትን የእንጨት ዕቃዎች አንድ በአንድ መዝግቡ። «ገበታ፣ 1» አትበሉ። ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱን፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ፊቱና ጀርባው በምን እንደ ተሠራ፣ ምን ስንጥቅና ምን ጥገና እንዳለበት ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ማስመሪያ በአጠገቡ አኑራችሁ ፊቱንና ጀርባውን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፎቶግራፍ አንሡ። ስልክ ከሌለ ስስ ወረቀት በፈለጉ ላይ ዘርግታችሁ በከሰል ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ምልክቱ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። ቀለም በተቀባ ወይም ሥዕል ባለበት እንጨት ላይ ግን ይህን አታድርጉ።

ሦስተኛ፣ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ቃላቸውን ከዕቃው ቁጥር ጋር ጻፉ። የእኛ መሪጌታ ያንን ታሪክ ለማንም ሳይናገሩ አልፈው ቢሆን ኖሮ ገበታውን ለመገልበጥ እንኳ አናስብም ነበር።

አራተኛ፣ በመቅደስ ውስጥ ያለው መንበርና ንዋየ ቅድሳት የሚታየውም የሚመዘገበውም ሥልጣነ ክህነት ባላቸው አባቶች በሥርዓቱ ብቻ ነው። ዛሬ የተናገርነው ወደዚያ አይገባም።

አምስተኛ፣ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ለማስላግ፣ ለመቀባት፣ ለመለወጥ ወይም ለመሸጥ ሲታሰብ አስቀድሞ ለወረዳ ቤተ ክህነትና ለሀገረ ስብከት ይቅረብ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን መጠገን የባለሥልጣኑን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ደንግጓል። ምስጥ የበላው እግር መጠገን ካለበት የተበላው ብቻ ይቀየር፤ አሮጌው ቁራጭም አይጣል፤ የዕቃው ቁጥር ተጽፎበት ይቀመጥ።

አባቶቻችን፤ እግዚአብሔር ለድንኳኑ ሥራ ባስልኤልን በጥበብ መንፈስ እንደ ሞላው፣ እንጨት መጥረብም ከዚያ ጥበብ እንደ ተቈጠረ ታስተምሩናላችሁ። ጌታችንም በጠራቢ ቤት ማደግን አልናቀም። በየገጠሩ ያሉትን ገበታዎች የጠረቡ ሰዎች ስማቸው በብራና አልተጻፈም። የእጃቸው ምት ግን በእንጨቱ ላይ አለ፤ ከዚያ በቀር ማስታወሻ የላቸውም።

ያ ገበታ ዛሬም በደጀ ሰላሙ አለ። ፊቱ አሁንም ያበራል፤ ያጠፋነውን መመለስ አልቻልንም። አረጋዊው ቄስ ሲቀመጡ እጃቸውን ከገበታው ሥር አስገብተው ሻካራውን ጀርባ እንደሚዳስሱ አይተናል። በአዲሱ የንብረት መዝገብ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ይህ ተጽፏል፦ «ዋንዛ፤ በሁለት ሰው መጋዝ ከሁለት ጫፍ የተሰነጠቀ፤ ከሥሩ መካከል ላይ አንድ ጣት እርከን አለው፤ ፊቱ በእድሳት ጊዜ ተልጓል።» የመጨረሻዋን ሐረግ የጻፍናት እኛ ነን። እናንተ እንደዚያች ያለች ሐረግ ለመጻፍ እንዳትገደዱ ይህን ነገርናችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።